አሥር አሥር ብር

ባለፈው ሳምንት አስጎብኚነት የሚለማመድ አንድ ልጅ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን፣ «ጋሼ፣ ‹ኢች› እና ‹ኤቭሪ› ሁለቱም ‹እያንዳንዱ› አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ስኒዬን አስቀመጥኩ።

እኔም አንድ ጊዜ ጀማሪ አስጎብኚ ነበርኩ። ከእንግሊዝኛዬ ድፍረቴ ይበልጥ ነበር። አንድ ቱሪስት ከነሚስቱ ፋሲል ግንብን ጎብኝቶ ሲወጣ፣ አራት ሊስትሮዎች ሻንጣቸውን እየተጋገዙ ሆቴል አደረሱላቸው። ሰውየው 40 ብር አወጣና አስጨበጠኝ። «ቴን ብር ኢች» አለ፣ ወደ ልጆቹ እያመለከተ። «ቴን ብር» የሚለውን ሰማሁ። «ኢች» እንደ ሳል አለፈችኝ። ለአራቱም አንዲት አሥር ብር ሰጠኋቸው። ሠላሳው የኔ ጉርሻ መሰለኝ። ልጆቹ ዘርዝረው ቁጢጥ ብለው ተካፈሉ፤ ሁለት ሁለት ብር ከሃምሳ ደረሳቸው። ትንሹ ድርሻውን ሳም አድርጎ ኪሱ ከተተና «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» አለኝ።

ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ባለማወቅ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ግን ካልጠረጠርኩ ማታ መዝገበ ቃላት ምን አስገለጠኝ? በነጋታው ሻይ በአምባሻ ጋበዝኳቸው። ስለ ሠላሳው ብር ትንፍሽ አላልኩም።

በአማርኛ ቢሆን «አሥር ብር ስጣቸው» እና «አሥር አሥር ብር ስጣቸው» ማን ያምታታል? እኛ ቁጥሩን እንደግመዋለን። ፈረንጅ ግን አንዲት ቃል ጫፍ ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል። የዘንድሮ ልጆች አነጋገራችሁ ከቲክቶክ የተቀዳ ነው፤ ያምራል። ግን ችኩሎች ናችሁ፣ የዓረፍተ ነገሩን ጅራት አትሰሙም። እኔም አልሰማሁም፣ ያውም ቲክቶክ ሳይኖር።

ለልጁ የነገርኩት ይኸው ነው። የፋሲል ግንብ አራት ማዕዘኖች ላይ ክብ ማማዎች አሉ። አንድ በአንድ እየጠቆምክ ከሆነ «ኢች ታወር» በል። አንድም ሳይቀር ማለትህ ከሆነ «ኤቭሪ ታወር»። ነገሩ ሁለት ብቻ ሲሆን «ኤቭሪ» አይገባም፤ ለእጆችህ «ኢች ሃንድ» ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ የፈለግከው፣ «አይዘር»፤ አንዱም ካልሆነ «ኒይዘር»። ሕግ አትሸምድዱ እያልኩ ነው የኖርኩት። ይቺን ግን ሸምድዷት፦ ከነዚህ ቃላት ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነጠላ ነው። «ኤቭሪ ታወርስ» ስትሉ ጆሮዬን ያመኛል።

ከአራቱ አንዱ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። አዘዞ ስሄድ አንዳንዴ ያሳፍረኛል። ሂሳብ ስዘረጋለት «ከእርስዎማ አልቀበልም፣ ጋሼ» ይላል።