ጃፓኖች በ«ካ» ሲጨርሱ ሁሉ እየጠየቁ አይደለም

ልጆች፣ በተለይ ጃፓንኛ የጀመራችሁና የጃፓን ስኮላርሺፕ ደርሷችሁ ሻንጣ የምታዘጋጁ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ «ካ» ነው። ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ስትገባ ጥያቄ ትሆናለች ተብላችሁ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተምራችኋል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ። ጸጉሬ የሸበተው በአስተርጓሚነት ነው፤ ጀማሪዎችን ከካንጂ (ከቻይና ከመጡት የጃፓንኛ ፊደሎች) በላይ ሲያስቸግር ያየሁትም ይሄ ነው፦ መልስ ላልፈለገ ሰው መልስ መስጠት።

ከቀላሉ ልጀምር። «ሶ ዴስ ካ» ሲላችሁ ድምፁን ስሙ። ወደ ላይ ከወጣ «እንደዛ ነው?» ብሎ ጠይቋችኋል። ወደ ታች ከወረደ «አሃ፣ እንደዛ ነው እንዴ» ብሎ ተቀብሏችኋል፣ አለቀ። ጽሑፍ ላይ ደግሞ ይባስ፤ መደበኛው አጻጻፍ ከ«ካ» በኋላ የሚያስቀምጠው እንደማንኛውም ዓረፍተ ነገር ትንሿን ክብ ነጥብ ስለሆነ የጥያቄ ምልክት ፍለጋ አትድከሙ።

አሁን ዋናው። «ጃ ናይ ካ» ሲተነተን «አይደለም ወይ» ነው። ዝናብ ነው እንበል። መስኮት ከፍቶ ዝናቡን ያየ ሰው «ፉቴሩ ጃ ናይ ካ» ይላል፦ ይኸው እየዘነበ አይደል እንዴ! መጋረጃው ተዘግቶ ጣሪያው ላይ ኮሽታ የሰማ ሰው ግን «ፉቴሩን ጃ ናይ ካ» ይላል፦ እየዘነበ ሳይሆን አይቀርም። ልዩነቱ መሃል የገባችው «ን» ብቻ ናት። የመጀመሪያው ያየውን ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው ይገምታል፣ ሁለቱም ግን አልጠየቁም። እኔን ብትጠይቁኝ የዚህ ሰዋስው ግማሹ ያለው እዚህች «ን» ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ አይሰማትም።

ቢሮ ውስጥ ዋጋ የምታስከፍለውም እሷው ናት። አለቃችሁ ያዘጋጃችሁትን ሰነድ እያየ፣ ጣቱን አንዱ ቁጥር ላይ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ «ኮሬ፣ ቺጋውን ጃ ናይ?» ይላችኋል። «ካ»ዋ እንኳ ተውጣለች። «ይሄ ስህተት ሳይሆን አይቀርም» ማለቱ ነው፣ እንደ አለቃ ሲነገር ደግሞ «አስተካክል» ነው። «አይ፣ ልክ ነው» ብሎ ወዲያው መከራከር አያዋጣም። «ካኩኒን ሺማስ»፣ ማለትም አረጋግጣለሁ፣ በሉና ቁጥሩን እዩት። ልክ ሆኖ ከተገኘ ያኔ ታስረዳላችሁ።

«ሞኖ ካ» ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። «ኢኩ ሞኖ ካ» ያለ ሰው ልሂድ አልሂድ እያለ አያማክራችሁም፤ «እኔ? ሞቼ ነው የምሄደው!» እያለ ነው። «ማኬሩ ሞኖ ካ» ደግሞ «እኔ ነኝ የምሸነፈው?» ነው፣ አኒሜ የምታዩ በደንብ ታውቋታላችሁ። ስሟት፣ ውደዷት፣ አለቃ ፊት ግን እንዳትሞክሯት። «ጃ ናይ ካ»ም ለበላይ ሰው ትከብዳለች። ለእሱ «ን ጃ ናይ ዴሾ ካ» ብትሉ ያው ግምት በትህትና ይሆናል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። በ1867፣ የሾጉኑ፣ ማለትም የጦር ገዢው፣ አገዛዝ ሊወድቅ ሲል፣ በናጎያ፣ በኪዮቶና በኦሳካ አካባቢ ሕዝቡ መንገድ ወጥቶ «ኤ ጃ ናይ ካ» እያለ ይጨፍር ነበር። «ምን አለበት!» እንደማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው ጥያቄ ይዞ አልወጣም።

ለፈተና የምትዘጋጁ ይቺን ያዙ። ጋዜጠኛና ጸሐፊ ሐሳቡን ፊት ለፊት ከመጫን «ኖ ዴዋ ናይ ዳሮ ካ»፣ ማለትም «ሳይሆን አይቀርም»፣ ብሎ መዝጋት ይወዳል። የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና (JLPT) ከፍተኛ ደረጃዎች በሆኑት በኤን 2 እና በኤን 1 ንባብ ላይ «ጸሐፊው ከሁሉ በላይ ማለት የፈለገው ምንድነው?» የሚል ጥያቄ ስታገኙ መጀመሪያ እንዲህ የሚያልቀውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ተማሪው «ጸሐፊው ራሱ እየጠየቀ ነው» ብሎ ይዘለዋል፣ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ እዛው ነው።