ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና ላደርግ ነው፤ ጾሜስ? ጸበሌስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ክብደቴ ከልክ በላይ ሆኖ ስኳርና ደም ግፊትም ስለተጨመረብኝ ጨጓራን የሚያሳንሰውን ቀዶ ሕክምና (ስሊቭ) እንዳደርግ ሐኪሞቼ መክረውኛል፤ ቀጠሮዬ ከሁለት ወር በኋላ ነው። የባለቤቴ እናት ግን «ጾመሽ ጸልየሽ መቀነስ ሲገባሽ እግዚአብሔር የፈጠረውን አካል ታስቆርጫለሽ?» ይሉኛል። ሆስፒታሉ ደግሞ ይህንኑ ሕክምና ካደረጉና ሊያደርጉ ካሉ ሰዎች ጋር የምንገናኝበት የድጋፍ ቡድን ውስጥ እንድገባ ይፈልጋል። አብዛኞቹ የሌላ እምነት ሰዎች ናቸው፤ ገመናዬን ለእነርሱ ማውራት ከበደኝ። ሕክምናው ኃጢአት ነው? ጾሙን፣ ቁርባኑንና ጸበሉንስ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደድሽ እኅታችን፣ ሕክምናው ኃጢአት አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሰማውና 15 ዓመት ጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን «ጸሎትህ ተሰምቷል፤ በቃ» ብሎ አልሄደም፤ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እባጩ ላይ እንዲለብጡበት አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን፣ አስተዋይ ሰውም መድኃኒትን እንደማይንቅ ይናገራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር።

የባለቤትሽ እናት የሚሉት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሎባቸዋል። ሆዳምነት ኃጢአት ነው፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት ግን በሽታ ነው። ቀጭን ሆኖ ሆዳም የሆነ አለ፤ ትንሽ በልቶ የሚወፍርም አለ። ሰው በምግብ ቁጥጥር ሲቀንስ ሰውነቱ የረሃብ ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ የቀነሰውን ለማስመለስ ይታገላል። ስሊቭ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚበልጠውን ሲያነሣ፣ ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ክፍልም አብሮ ይወጣል። ሕክምናው የሚሠራው የሚያዘውን በማሳነስ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። ጾም ደግሞ ለነፍስ እንጂ ለሚዛን አልተሠራም። በዘይት የታሸ ፍርፍር፣ ድንችና ዳቦ ሲበላ ከርሞ በፋሲካ ዋዜማ ክብደት ጨምሮ የሚገኝ ጥቂት አይደለም።

ወደ ድጋፍ ቡድኑ ልምጣ፤ በጥያቄሽ ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እርሱ ነውና። ሽባውን ወደ ጌታ ያመጡት አራት ሰዎች ነበሩ (ማር. 2፥3)፤ በሕዝቡ ብዛት መግባት ሲያቅታቸው ጣሪያውን ነድለው አወረዱት፤ ጌታም «እምነታቸውን አይቶ» ይላል ወንጌሉ። በሽተኛው ብቻውን እንዲሸከመው ያልተፈለገ ሸክም አለ። ቡድኑ ንስሐ አይደለም፤ ኃጢአትሽን የምትናዘዢው ለንስሐ አባትሽ ነው። እዚያ የምትናገሪው «ውኃ መጠጣት አቃተኝ»፣ «ማታ ማታ ሲከፋኝ እበላ ነበር»፣ «ፀጉሬ ሊረግፍ ነው ሲሉ ፈራሁ» የሚለውን ነው፤ ይህን ለመናገር የእምነት አንድነት ግዴታ አይደለም። አብሮ የታመመ ሰው የሚያውቀውን ጤነኛ አያውቀውም።

ስትገቢ ግን ዐውቀሽ ግቢ። ገና አንድ ወር የሆነው ደስታ ላይ ስለሆነ ሁሉ ቀላል ይመስለዋል። ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ያለፈው ሰው ፈልጊ፤ ቢቻል አንድ ችግር የገጠመው። «ከፈሳሽ ወደ ለስላሳ ምግብ ስትሻገሪ ምን አስመለሰሽ?»፣ «መጀመሪያ የተውሽው ቫይታሚን የትኛው ነበር? ለምን?»፣ «የመጀመሪያውን ሳምንት ቤትሽ ማን ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። «ስንት ኪሎ ቀነስሽ?» የሚለውን ተዪው፤ የሁለት ሰው ሰውነት በአንድ ፍጥነት አይቀንስም፤ ማወዳደር ተስፋ ያስቆርጣል። ከአባላቱ መድኃኒት አትቀበዪ፤ የመጠን ምክርም አትውሰጂ። ለአንዷ ስሊቭ፣ ለሌላዋ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኘው ሌላው ቀዶ ሕክምና) የተደረገላት ሊሆን ይችላልና፤ ስኳር ካለብሽማ መድኃኒትሽ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀናት ውስጥ ሊቀነስ ስለሚችል፣ በሰው ምክር የድሮውን መጠን ብትቀጥዪ ስኳርሽ ወርዶ ልትወድቂ ትችያለሽ። ከምእመናን ወገን ደግሞ አንዲት ምሥጢር የምትጠብቅ እኅት ምረጪ። አንዲት ትበቃለች፤ ለማኅበሩ ሁሉ ማወጅ የለብሽም።

የሥነ ልቦና ግምገማም ይኖራል። እምነትሽን የሚፈትን ነገር አይደለም፤ ኀዘንም ብስጭትም ካለብሽ አትደብቂ፤ መጠጥንም በተመለከተ እውነቱን ተናገሪ፤ በተለይ ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም ፈጥኖ ይገባል፤ ከምግብ ሱስ ወደ መጠጥ ሱስ የሚዞር ሰውም ስላለ ነው የሚጠይቁት። በጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) መያዝ አገራችን ውስጥ ብዙ ስላለ ምርመራው ካልታዘዘልሽ አስታውሻቸው፤ ከተገኘብሽ የሁለት ሳምንት ያህል መድኃኒቱን ጨርሰሽ መጥፋቱ እስኪረጋገጥ ጊዜ ይወስዳልና አሁኑኑ ይሁን። ፌጦም ሆነ ጥቁር አዝሙድ፣ ከአገር ቤት የተላከልሽን የምትወስጂውን ሁሉ ንገሪያቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል የፈሳሽና የፕሮቲን ሼክ አመጋገብ ይሰጥሻል። ምክንያቱ ጉበት ነው። ጉበት ጨጓራውን ከላይ ሸፍኖ ይተኛል፤ ውፍረት ባለበት ሰው ደግሞ ስብ ሞልቶት ያብጣል። ስኳርና ስታርች ሲቀርበት በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል፤ ሐኪሙም በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባው መሣሪያ ከፍ አድርጎ ጨጓራውን ማየት ይችላል። ካልሟሸሸ ቀዶ ሕክምናው አደገኛ ይሆናል፤ ጀምረው የሚያቋርጡበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ አደራሽን ቅበላ አታድርጊበት። «ከእንግዲህ አትበይም» ብለው ክትፎና ቁርጥ የሚያሰናዱልሽ ወዳጆች ይኖራሉ፤ ያ አንድ ምሽት የሁለት ሳምንቱን ድካም ሊያፈርሰው ይችላል።

አሁን ስለ ጾሙ። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን በግድ አታስጾምም፤ ቀኖና ሐዋርያት ራሱ የጾምን ግዴታ ሲደነግግ በሰውነት ድካም የተያዘውን ለይቶ ያወጣዋል። ሆኖም «ታምሜአለሁ» ብሎ በራስ ፈቃድ መተውና ለንስሐ አባት ነግሮ በፈቃድ መብላት አንድ አይደለም። ሂጂና አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ከሆስፒታል ወጥተሽ ሳይሆን አሁን። የምግብ ባለሙያዋ የሰጠችሽን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ አባቶች «ቀለል ያለ ኦፕሬሽን» መስሏቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ጾም ሊያስጀምሩሽ ይችላሉና።

ለእርሳቸው ስታስረጂ ጾም ሁለት ነገር እንዳለው ለዪ፤ ከጥሉላት መከልከልና እስከ ሰዓት መቆየት። ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ከሁለቱ የሚከብደው ሰዓቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ጊዜ የምትበዪው የአንድ ወይም የሁለት ስኒ ቡና ያህል ነው፤ ውኃም የምትጠጪው በየሩብ ሰዓቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል እየተጎነጨሽ ነው። በዚህ አካሄድ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ለመድረስ ከጠዋት እስከ ማታ መጠጣት ይጠይቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምሺ ብትቆዪ የቀረውን ጊዜ ብትሮጪበት አትደርሺበትም። ሰዎችን ወደ ሆስፒታል መልሶ ከሚያስገቡት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው የውኃ እጥረት ነው።

ጥሉላቱ ደግሞ በፕሮቲን ይታያል። የሚያስፈልግሽ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው፤ 60 ግራም ለማግኘት ከሦስት ኩባያ በላይ ልትበዪ ነው፤ የአንቺ ጨጓራ ደግሞ ግማሽ ኩባያ በቅጡ አይዝም። ሽሮውም ቢሆን ውኃውና ዘይቱ ይበዛበታል። ፕሮቲን ሲያንስ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ይበላል፤ ቁስል አይድንም፤ ፀጉር ይብስ ይረግፋል። መፍትሔው ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ የፕሮቲን ፓውደር ነው፤ አንድ ማንኪያው 20 ግራም አካባቢ ስላለው በሦስት ብርጭቆ ይሞላል፤ ጾምም ነው። ዌይ የሚባለው ግን ከወተት የሚወጣ ስለሆነ የጾም አይደለም፤ ማሸጊያውን አንብቢ።

በእኔ አስተያየት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያህል ከሁለቱም በፈቃድ ብታርፊ፣ ከዚያ የደም ምርመራሽ ደኅና ከሆነ ከጥሉላት መከልከሉን በፓውደሩ እየታገዝሽ ብትመልሺ፣ ሰዓቱን ግን በመጨረሻ ብታስቢው መልካም ነው። የሚወስኑት የንስሐ አባትሽ ናቸው፤ ሐኪምሽም ይጠየቅ። በጾሙ ፋንታ መዝሙረ ዳዊትም ምጽዋትም ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ አንደበትም ዓይንም ይጾማሉ።

ቫይታሚኑን ለዕድሜ ልክ የምትወስጂው መሆኑን ከአሁኑ ተቀበዪው። ቢ 12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ የዓመቱን ግማሽ ያህል ለሚጾም ሰው ደግሞ ጨጓራው ሲያንስ ጉድለቱ እጥፍ ይሆናል። ካልሲየም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም ነው፤ ተከፋፍሎ ከ500 እስከ 600 እየሆነ ይወሰዳል። ከብረት (አይረን) ጋር አንድ ላይ አይዋጥም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይለያያሉ፤ አንዱ ሌላውን እንዳይመጠጥ ያደርገዋልና። ቡናና ሻይም ብረቱን ስለሚከለክሉት ከእርሱ አርቂያቸው። «ጾም ስለሆነ» ብሎ ክኒን ማቋረጥ አይገባም፤ ብዙ ቀን ካስመለሰሽ ደግሞ ቢ 1 አልቆ አእምሮንና ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል «ያልፋል» አትበዪ፤ ደውዪ።

ቅዱስ ቁርባን፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ንስሐ ገብተሽ ብትቆርቢ እጅግ መልካም ነው። 18 ሰዓት የሚጾመው በፈሳሽ አመጋገቡ ሳምንታት ውስጥ ቢውል ግን የስኳር መድኃኒት እየወሰድሽ ስኳርሽ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ፈሳሹ ከመጀመሩ በፊት ያለውን እሑድ ምረጪ። ከሕክምናው በኋላ መቼ እንደምትመለሺ አባትሽ ይነግሩሻል። የቁርባኑ ወይን ከዘቢብ የሚዘጋጅ ስለሆነ በአልኮል ስጋት አትታወኪ።

ጸበል መጠመቅ ቁስሉ እስኪዘጋና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ፤ እስከዚያ ቢረጩሽ ይበቃል። ከባዱ የሚጠጣው ነው። በብዙ ጸበል ቦታዎች በሊትር ጠጥቶ ማስመለስ የተለመደ ነው፤ አዲስ የተሰፋ ጨጓራ ግን ይህን አይችልም። ግፊቱና ትውከቱ ስፌቱን ሊጎዳ ይችላል። በእምነት ከሆነ አንዲት ጉንጭም ጸበል ናት፤ በሐኪም ፈቃድ ቅመሺ። ስግደትም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቅር፤ ቅዳሴውን ተቀምጠሽ አስቀድሺ። መራመድን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ፤ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ይከላከላል።

በማኅበርና በድግስ ቤት ደግሞ ጉርሻ አለ። «በሞቴ» ተብሎ ወደ አፍሽ የመጣውን እጅ መመለስ ለኛ ሰው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ያልተላመጠ ትልቅ ጉርሻ ጨጓራሽ መግቢያ ላይ ይቀረቀራል፤ ደረትሽን ይወጋሻል፣ ምራቅሽ ይዝረበረባል፣ ይመልስሻል። እንጀራና ዳቦ ከሁሉ ዘግይተው የሚመለሱ ናቸው። ያቺ የመረጥሻት እኅት አጠገብሽ ትቀመጥና «ሐኪም ከልክሏታል፤ ለእኔ ስጡኝ» ብላ ትቀበልልሽ። መጠጡንም ከምግቡ ጋር አታድርጊው፤ ከበላሽ ግማሽ ሰዓት በኋላ ይሁን።

የባለቤትሽን እናት ወደ ምግብ ባለሙያዋ ቀጠሮ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ባለቤትሽ ይተርጉምላቸው። ሥራም ስጫቸው፤ ምስሩን ያለ ዘይትና ያለ በርበሬ ቀቅለው፣ ፈጭተው፣ በወንፊት አጥልለው ያቆዩልሽ። ለእርሳቸውም ለባለቤትሽም የአደጋ ምልክቶቹን በአማርኛ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊ፦ ዐርፈሽ ተቀምጠሽ ልብሽ በደቂቃ ከ120 በላይ ቢመታ፣ ትኩሳት ቢኖር፣ የሆድ ሕመም እየባሰ ቢሄድ ወይም ግራ ትከሻሽን ቢወጋሽ፣ ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ አንድ እግርሽ ቢያብጥ፣ ውኃ አልረጋ ቢልሽ። ስፌቱ አፍስሶ ወይም ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና ሐኪምሽ ጋ ይደወል፤ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ 911 ይደወል። ጸበሉን አምቡላንሱ እስኪደርስ ይርጩሽ፤ ጸበል ቦታ ሊወስዱሽ ግን መኪና አያስነሡ።