ጉልበትና መዓዛማ ዘይት፦ ጥያቄና መልስ

መድኃኒት ቤት ቆሜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ትንንሽ የዘይት ጠርሙስ ይዘው እየመጡ «ይህ ለቁርጥማት ይሆናል?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ሲያማቸው የባሕር ዛፍ ዘይት እንዳለ ይቀባሉ፤ አሁን ቆዳቸው ቀልቶ ያሳክካቸዋል።

መልስ፦ ሳይቀጥን ስለተቀባ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ቆዳ ይሳሳል። እስኪድን ድረስ ምንም አይቀቡ። ከዚያ በኋላ በ30 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት (ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው) 12 ጠብታ ብቻ ያድርጉ። በውሃ ማቅጠን አይሆንም፤ ዘይቱ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ያው ንጹሑን እንደ መቀባት ነው። መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ ጥቂት ቀብተው አንድ ቀን ይጠብቁ። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ በመዳፍዎ ቀስ ብለው ይሹላቸው። እኔን ከጠየቁኝ ግማሹን ሥራ የሚሠራው እጅ ነው።

ጥያቄ፦ ያድናል ወይስ ያደነዝዛል?

መልስ፦ ያዘናጋል ብል ይሻላል። ለምሳሌ በናና ዘይት ውስጥ ያለው ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚያውቀውን ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ አእምሮም ቅዝቃዜውን ሲያዳምጥ ሕመሙን ለጊዜው ይረሳል። ያለቀ ልም አጥንት ግን በዘይት አይተካም።

ጥያቄ፦ የእጣን ዘይት በውድ ገዛሁ። ሻጩ «እብጠት የሚቀንሰው ቦስዌሊክ አሲድ አለበት» ብሎኛል።

መልስ፦ አሲዱ በሙጫው ውስጥ አለ፤ በዘይቱ ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። አረቄ ሲወጣ ያዩ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በእንፋሎቱ ተነሥቶ በቱቦው የሚወርደው ቀላሉ ብቻ ነው፤ ጌሾውና ድፍድፉ እዚያው ማሰሮው ውስጥ ይቀራሉ። ቦስዌሊክ አሲድም ከባድ ስለሆነ ከሙጫው ጋር ይቀራል። ለጉልበት ሕመም የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ ከሕንዱ የእጣን ዛፍ ሙጫ ተጨምቆ ስለሚዋጠው መድኃኒት እንጂ፣ ከእኛ የመተማና የትግራይ እጣን ስለሚነጠረው ዘይት አይደሉም። ሽታው ደስ ካለዎት ይጠቀሙበት፤ ለአሲዱ ብለው ግን ሌላ ጠርሙስ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ ዋርፋሪን፣ እወስዳለሁ። የዊንተርግሪን ዘይት ልቀባ?

መልስ፦ አይቀቡ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ። በቆዳ ይገባል፣ የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራል፣ ደም ሊያፈስስ ይችላል። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ጠርሙሱ ይቆለፍበት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሕፃን ሊገድል ይችላል።

ጥያቄ፦ ጤና አዳም ጨምቄ ጉልበቴ ላይ ባደርግስ?

መልስ፦ ለቡና ይሁን። ጭማቂው ያረፈበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል።

ጥያቄ፦ አባቴን ትናንት ሌሊት የእግራቸው አውራ ጣት አብጦ፣ ቀልቶ እንደ እሳት ሲያቃጥላቸው አደረ።

መልስ፦ ሪህ ይመስላል፤ ማሸት ያብስበታል። ሐኪም ይያቸው፣ የዩሪክ አሲድ መጠናቸውም ይመርመር። ትኩሳት ካለ መገጣጠሚያው አመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

ጥያቄ፦ ቅድም የጠየቅሁት ነኝ። መልስዎን ሳነብላቸው እናቴ «ቆዳዬ ሲድን 20 ጠብታ ይሁንልኝ» አሉ።

መልስ፦ ጠብታው 12 ይሁን፤ ማሸቱን ግን አምስት ደቂቃ ይጨምሩላቸው።