ጥያቄና መልስ፦ ሾክ ዌቭ የጄቱን አየር መግቢያ ሲያውክ

ጥያቄ፦ የሚግ-23 ተዋጊ ጄት የአየር መግቢያዎች ከአውሮፕላኑ አካል ጋር አልተጣበቁም፤ በመካከል ክፍተት አለ። ጓደኛዬ «ለማቀዝቀዣ ነው» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ዋና ሥራው ማቀዝቀዝ አይደለም። በአውሮፕላኑ ቆዳ ላይ የሚፈሰው አየር ቆዳውን እየታከከ ፍጥነቱን ያጣል። ባውንደሪ ሌየር የሚባለው ይህ ዘገምተኛ ሽፋን ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየወፈረ ይመጣል። ከድምፅ በፈጠነ በረራ ጊዜ መግቢያው አፍ ላይ ደግሞ ሾክ ዌቭ የሚባል ስስ የግፊት ግንብ አለ፤ እሱን ሲሻገር የአየሩ ግፊት በአንዴ ይዘላል። ፈጣኑ አየር ጉልበት ስላለው ያልፋል። ዘገምተኛው ግን አቅም ያጣና ከግድግዳው ይላቀቃል፣ ሲብስበትም ወደመጣበት ይመለሳል። ይህ የተዘበራረቀ አየር ኮምፕረሰሩ (አየሩን የሚጨምቀው የሞተሩ ክፍል) ጋ ከደረሰ ሞተሩ ሊታፈን ይችላል። ክፍተቱ ሽፋኑን አስቀድሞ በጎን ይሸኘዋል። ሚግ-21 መግቢያው አፍንጫው ላይ ስለሆነ ከፊቱ ረጅም አካል የለም፤ ሆኖም በመግቢያው መሐል ባለው ሾጣጣ ላይ አዲስ ሽፋን መፈጠሩ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በአንዳንድ ጄቶች መግቢያ ብዙ ሾክ መደርደር ለምን አስፈለገ? አንድ አይበቃም?

መልስ፦ ከማክ 1.5 (ማክ 1 የድምፅ ፍጥነት ነው) ላልበለጠ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ይበቃል። በማክ 2 ግን አየሩን በአንድ ቀጥ ያለ ሾክ ብቻ ብናዘገየው ከጠቅላላ ግፊቱ (አየሩ ያለ ብክነት ቢቆም ከሚኖረው ግፊት) የሚተርፈው 72 በመቶ ገደማ ነው፤ በግድግዳው ላይ ያለው ግፊትም በአንዴ 4.5 እጥፍ ያድጋል። በማክ 1.3 ላይ ቀጥ ያለ ሾክ ቢቆም 98 በመቶ ያህሉ ይተርፋል፣ የግድግዳው ግፊትም 1.8 እጥፍ ብቻ ይሆናል። የተናወጠ ባውንደሪ ሌየር መላቀቅ የሚጀምረውም በዚያው በ1.3 አካባቢ ስለሆነ ዲዛይነሮች ይህችን ቁጥር አይረሷትም። ስለዚህ አየሩን አስቀድመው በሰያፍ ሾኮች ያዘገዩታል። ኮንኮርድ ተንቀሳቃሽ ራምፖች (ተዳፋት ሳህኖች) ነበሩት፤ በፊተኛውና በኋለኛው መካከል በተተወው ክፍተት ሽፋኑ ይወጣ ነበር። በኤስአር-71 የስለላ ጄት ላይ የመግቢያው ሾጣጣ ከማክ 1.6 ጀምሮ ወደ ኋላ እየተሳበ በከፍተኛው ፍጥነት 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገባ ነበር። ከሾጣጣው ቆዳ የተመጠጠው አየር ወደ ውጭ ይጣል ነበር፤ ከውጭኛው ግድግዳ የተያዘው ግን በሞተሩ ዙሪያ አልፎ ያቀዘቅዘው ነበር። ከላይ የተነሳው የማቀዝቀዝ ነገር ልክ የሚሆነው እዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በማክ 1.4 የንፋስ ዋሻ (አየር በፍጥነት የሚነፍስበት መሞከሪያ) ውስጥ የመግቢያ ሞዴል እየሞከርን ነው። ሾኩ ግድግዳውን በሚነካበት ቦታ ቀዳዳዎች በስተን ከሥር በአንድ ሳጥን አየሩን እንመጥጣለን። መላቀቁ ግን ባሰበት። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የምንጠረጥረው ያንን አንድ ሳጥን ነው። በማክ 1.4 ከሾኩ ኋላ ያለው ግፊት ከፊቱ ካለው ከ2 እጥፍ ይበልጣል። ሳጥኑ ሁለቱንም ወገን ካገናኘ አየሩ በኋለኞቹ ቀዳዳዎች ይገባና በፊተኞቹ ተመልሶ ይወጣል፤ ልትመጥጡት ያሰባችሁትን ሽፋን ከሾኩ ፊት ታወፍሩታላችሁ ማለት ነው። ሳጥኑን ከሾኩ እግር ሥር በግድግዳ ክፈሉት፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቫልቭና የግፊት መለኪያ ስጡት። የሳጥኑ ግፊት ሁልጊዜ በላዩ ካለው የግድግዳ ግፊት ማነስ አለበት። ሾኩ ከቦታው የሚንሸራተት ከሆነ ክፍሎቹን አብዙ።

ቀጥሎ የቀዳዳዎቹን ስፋት እዩ። ከሽፋኑ ውፍረት በእጅጉ ማነስ አለባቸው፤ ሰፊ ቀዳዳ በየጠርዙ የራሱን ትናንሽ ሾኮች ይፈጥራል። በቀዳዳው ውስጥ ያለው ፍሰት አንዴ የድምፅ ፍጥነት ከደረሰ ደግሞ ፓምፑን ማጠንከር ምንም አይጨምርም፤ ያኔ የቀዳዳዎቹን ጠቅላላ ስፋት ማሳደግ ነው። ከዋናው ፍሰት 1 በመቶ በመምጠጥ ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ የሚጣል እያንዳንዱ ኪሎ አየር ጎታች ኃይል ሆኖ ይመለሳል፤ በላቦራቶሪ ያማረ ውጤት በበረራ የሚከስረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ማዕዘኖቹንም አትርሱ። መተላለፊያው አራት ማዕዘን ከሆነ የሁለት ግድግዳ ሽፋን እዚያ ይገናኛል፤ መሐሉን ብቻ ስትመጥጡ መላቀቁ ወደ ጥጉ ይሸሻል። ቀለም የተቀላቀለበት ዘይት ግድግዳውን ቀብታችሁ ዋሻውን አስነሱት፤ ዘይቱ ተጠራቅሞ መስመር የሠራበት ቦታ መላቀቁ የሚጀምርበት ነው።

ጥያቄ፦ አየር ሳይጣል መቆጣጠር አይቻልም?

መልስ፦ በከፊል ይቻላል። ቁመታቸው የሽፋኑን ሲሶ እስከ ግማሽ የሚያህል ትናንሽ ራምፖች ከሾኩ ፊት ሲተከሉ አዙሪት ይፈጥራሉ፤ አዙሪቱም ፈጣኑን አየር ወደ ግድግዳው ያወርዳል። መላቀቁን ይቆራርጡታል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፉትም፤ ደግሞም አንዱ ተነቅሎ ቢወድቅ መንገዱ በቀጥታ ወደ ኮምፕረሰሩ ነው። ሌላው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1996 በኤፍ-16 ላይ የተሞከረውና ዛሬ በኤፍ-35 ላይ የሚታየው፣ መግቢያው አፍ ላይ ያለ ጉብታ ነው፦ አየሩን እየጨመቀ ሽፋኑን ወደ ጎን ይገፋል፣ የሚንቀሳቀስ ክፍልም የለውም። ኤፍ-35 የተሠራው እስከ ማክ 1.6 ለመብረር ስለሆነ ይበቃዋል። ቅርጹ ስለማይለወጥ ግን ለማክ 2 እና ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ለሚበር አውሮፕላን የሚንቀሳቀስ ራምፕን ወይም ሾጣጣን ባይተኩበት እንመርጣለን።