አቧራ፣ መብራትና ፍላሽ፦ ከአዳማ ለመጡ የኮምፒውተር ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄዎቻችሁ ብዙ ናቸው፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ማሽን ከመፍታታችሁም ሆነ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከታች ያለው መልስ ሁሉ ይህ አስቀድሞ እንደተደረገ ቆጥሮ ነው።

ጥያቄ (ከፍራንኮ)፦ ላፕቶፔ ግማሽ ሰዓት ከሠራሁበት በኋላ ፋኑ ይጮኻል፣ ታቹ እጅ ያቃጥላል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። አዲስ ዊንዶውስ ቢጫንበት ይስተካከላል?

አይስተካከልም፣ ወንድሜ፤ ይህ የሙቀት ችግር ነው። ነፋሱ ይዞት የሚመጣው ደቃቅ አቧራ በፋኑና በሙቀት ማስወጫው ቀጫጭን ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ ይጋገራል። ሞቃቱ አየር መውጫ ሲያጣ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል፣ እንዳይቃጠልም ማሽኑ ራሱን ያጠፋል።

አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ክዳኑን ከፍተህ የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ አላቅ። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደርድራቸው፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ የላይኛውን ክፍል ይበሳል። ከውጭ ብቻ ብሎወር መንፋት የተጋገረውን አቧራ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ ፋኑን አውጥተህ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሳው፣ ከዚያ ንፋ። ስትነፋ የፋኑን ክንፍ በጣትህ ያዝ፤ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ይበላሻል። በአፍ አትንፋ፣ ምራቅ ይገባል።

ማሽኑ ሦስት ዓመት ካለፈው ቴርማል ፔስቱም (በፕሮሰሰሩና በሙቀት ማስወጫው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ ይሆናል። የሙቀት ማስወጫውን ፈትተህ አሮጌውን 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረገው። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው አይሆንም፣ ውሃና ግሊሰሪን አለበት። አዲሱን የምስር ፍሬ ያህል ፕሮሰሰሩ መሀል ላይ አድርግ። የሙቀት ማስወጫውን ብሎኖች አጠገባቸው በተጻፈው ቁጥር ቅደም ተከተል፣ በየተራ ግማሽ ዙር እያደረግህ አጥብቅ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ፔስቱን በአንድ ወገን ያስቀረዋል።

ጥያቄ (ፖስታ ቤት አካባቢ፣ የሂሳብ ሠራተኛ)፦ ስቴብላይዘር አለኝ። ዩፒኤስ መጨመር ያስፈልገኛል?

ያስፈልግሻል። ስቴብላይዘር ቮልቴጁ ሲዋዥቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ማሽኑን አያቆይም፤ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው። የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ክፍት ሳለ መብራት ድርግም ካለ እየተጻፈ ያለው የዳታ ፋይል በግማሽ ይቀራል፣ በማግሥቱም አልከፍትም ሊል ይችላል። 650 ቪኤ አቅም ያለው ዩፒኤስ አንድ ተራ ዴስክቶፕና ሞኒተር ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ ያ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተር ግን አትሰኪበት፣ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ መያዝ ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ያለቀው ባትሪው ብቻ ስለሆነ ባትሪውን ቀይሪ።

ዩፒኤስ የሌላችሁ ደግሞ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ጠብቁ። የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወዛወዛል። በክረምት መብረቅ ሲኖር የኢንተርኔቱንም ገመድ ንቀሉ፤ በስልክ መስመር ገብቶ ማዘርቦርድ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ፍላሼን ኮፒ ቤት ሰጥቼ ስመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ፋይሎቼ ጠፉ?

ብዙውን ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። ሾርትከቱን ግን እንዳትነካው! ስትከፍተው መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ቀጥሎ ፎልደርህን ይከፍትልሃል፤ ስለዚህ ምንም የሆነ አይመስልህም።

ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ኤክስፕሎረርን ክፈትና ከ«ቪው» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምረጥ። ካልታዩ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ገብተህ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሳ። አንዳንዴ ሁሉም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል። ሰነዶችህንና ፎቶዎችህን ብቻ ገልብጥ፤ ስሙ በኢኤክስኢ (.exe) ወይም በቪቢኤስ (.vbs) የሚያበቃ ፕሮግራምና ሾርትከት የሆነውን ተወው። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርግ። ፍላሹ የተሰካበት ኮምፒውተርህ ላይም የዊንዶውስ ዲፌንደርን «ኦፍላይን ስካን» አስኪድ፤ ማሽኑ ተነሥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈትሻል። ይህን ከዘለልከው የጸዳው ፍላሽ እንደገና ይያዛል። ለፕሪንት የሚሄድ ፍላሽ ላይ የሚታተመው ፒዲኤፍ ብቻ ይኑር፤ መመረቂያ ጽሑፍህን ይዞ አይዙር።

ጥያቄ፦ ከውጭ የመጣ ላፕቶፕ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቀኛል።

ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው፤ ዲስኩ ተቆልፏል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማሽኑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ስለሆነ የላከልህን ሰው በዚያ አካውንት ገብቶ እንዲያይልህ ጠይቀው። ያለ ቁጥሩ «እከፍተዋለሁ» የሚል ባለሙያ የሚያደርገው ፎርማት ነው፣ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል። ማሽናችሁ ገና ያልቆለፈባችሁ ዛሬውኑ ቁጥሩን አውጡና በወረቀት ጽፋችሁ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ፎቶዎች በስሕተት አጠፋሁ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግሁ።

በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አትጻፊ፣ የማስመለሻ ፕሮግራሙንም ቢሆን። ሃርድ ዲስኩን አውጥተሽ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኚ፣ የተገኘውንም ወደ ሌላ ዲስክ አውጪ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው የዲስክ ዓይነት) ከሆነ ዲስኩ ራሱ የተሰረዘውን ስለሚያጸዳ ተስፋው ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ የጽሕፈት ቤት አላቸው፤ የደንበኞች ፋይል ሁሉ አንድ ዲስክ ላይ ነው። ምን ልበላቸው?

ሦስት ቅጂ ይኑራቸው በላቸው፦ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ አንዱ ከቤቱ ውጭ። ኤክስተርናሉ ተሰክቶ አይዋል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። አርብ ማታ ሰክተው፣ ገልብጠው፣ ነቅለው ያስቀምጡት። በወር አንድ ጊዜ ከቅጂው ላይ አንድ ፋይል ከፍተው ይዩ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ የማይሠራ ሆኖ የሚገኘው በተፈለገ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 10ን ልቀጥልበት?

መደበኛው የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድገው። ካልሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ሊነክስ ሚንት በ4 ጊጋባይት ራምም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የላፕቶፔ የመዳፊት ሰሌዳ (ታችፓዱ) ወደ ላይ ተነሣ።

ባትሪው አብጦ ነው። ቻርጅ ማድረግ አቁም፣ አትጫነው፣ አትብሳው፤ ሊቀጣጠል ይችላል። አጥፍተኸው ባትሪውን የሚያወጣ ባለሙያ ጋ ዛሬ ውሰደው።