የዲጂታሉ ፊት ቢጫ፣ የፊልሙ ጥላ አረንጓዴ ለምን ሆነ?

የጠያቂያችን ችግር ይህ ነው፦ «በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት በዲጂታል ካሜራና በ400 አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት መጠን) ኔጋቲቭ ፊልም አነሳሁ፤ የብርሃን ልኬቱ ለሁለቱም አንድ ነበር። በዲጂታሉ የሰዎቹ ግንባርና ጉንጭ ቢጫ ሆነ። የፊልሙ ጥላ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። ለቆንጆ ቀለም ብዬ ዲጂታሉን ልሽጠው?»

አይሽጡት። ያጠፋው «ልኬቱ አንድ ነበር» ያሉት ነገር ነው። ኔጋቲቭ ፊልም (ብሩሁ ጨልሞ፣ ጨለማው በርቶ የሚወጣበት) የብርሃን ትርፍ ይችላል፣ እጥረት ግን ይጎዳዋል። ዲጂታል ተቃራኒው ነው፤ የጨለመው ጥላ በኋላ ይነሳል፣ ብርሃን የበላው ግን አይመለስም።

የሰው ቆዳ፣ ጠይምም ይሁን ቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ይልቅ ቀይ ብርሃንን አብዝቶ ይመልሳል። ስለዚህ ብርሃን በሚያርፍበት ግንባር ላይ ቀዩ ቻናል (ቀይ ብርሃን ለብቻው የሚመዘገብበት) ቀድሞ ጣሪያ ይነካል፤ በተለመደው የፎቶ ፋይል፣ በጄፔግ፣ ጣሪያው 255 ነው። ቀዩ እዚያ ሲቆም አረንጓዴው መጨመሩን ይቀጥላል፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ቢጫ ይወጣል። ያዩት ቢጫ ይኸው ነው፣ በዋይት ባላንስ (በቀለም ሚዛን ማስተካከያው) እንኳ አይጸዳም። የካሜራዎን ሂስቶግራም (ጨለማውን በግራ፣ ብሩሁን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ) ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ ወደሚያሳየው ይቀይሩት። የቀዩ ክምር ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ ብርሃኑን ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ይቀንሱና (1 ስቶፕ ሲቀንስ ብርሃኑ በግማሽ ያንሳል) በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል፣ ያንሱ።

በፊልሙ በኩል፣ 400 ፊልም ሲጭኑ የካሜራውን አይኤስኦ 200 ላይ ያድርጉት፤ እጥበቱ ግን የተለመደው ይሁን። ያለበለዚያ 400 ላይ ትተው ብርሃኑን ከጥላው ይለኩ፤ አንዱ ይበቃል። ፊልሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን ለየብቻ የሚይዙ ንብርብሮች አሉት። ብርሃን ሲያጥር ሦስቱ እኩል አይደክሙም፤ ስካነሩ ያን ስስ ምስል ለማብራት ሲጎትተው ልዩነታቸው አብሮ ይጎላል። አሸዋውም አረንጓዴውም የመጣው ከዚህ ነው። ይህ ምክር ለኔጋቲቭ ብቻ ነው፤ ስላይድ ፊልም (ምስሉ በቀጥታ በትክክለኛ ቀለሙ የሚወጣበት) እንደ ዲጂታል ስለሆነ ግማሽ ስቶፕ ትርፍ እንኳ ብሩሁን ቦታ ዝርዝር ያሳጣዋል።

ጥፋቱ የእርስዎ ይሁን የአጣቢው ለመለየት ኔጋቲቩን ነጭ ስክሪን ፊት ይያዙት። ጠርዙ ላይ ያሉት ፊደላትና ቁጥሮች ከፋብሪካ የመጡ ናቸው። እነሱ ደምቀው፣ ጥላው ግን እንደ ባዶው ብርቱካናማ ጠርዝ ምንም ዝርዝር ከሌለው፣ ያጠረው ብርሃን ነው። ፊደላቱም ከፈዘዙ እጥበቱን ይጠርጥሩ። የቀለም ኔጋቲቭ በሚታጠብበት በሲ-41 እጥበት የዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሙቀት 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጊዜው 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው፤ ሙቀቱ ከ0.15 ዲግሪ በላይ መዋዠቅ የለበትም።

ስካኑንም አይርሱ። ብዙ ስካነሮች እያንዳንዱን ፍሬም በራሳቸው ፍርድ ያርሙታል፤ ቀይ ልብስ የሞላበትን ምስል ወደ ሰማያዊ-አረንጓዴ ሲገፉት ቆዳው አመድ ይለብሳል። መጀመሪያው ፍሬም ላይ፣ በሚያነሱበት ብርሃን፣ ግራጫ ካርድ (ለቀለም ማመሳከሪያ የሚሆን) ያንሱ። ከዚያ ራስ-ሰር እርማቱ ጠፍቶ ጥቅሉ በሙሉ በዚያ ፍሬም ልክ፣ በ16 ቢት ቲፍ (ብዙ የቀለም ዝርዝር በሚይዝ ፋይል) ስካን እንዲደረግ ይጠይቁ። ሰዎች «የፊልም ቀለም» ከሚሉት ውስጥ ብዙው የሚወሰነው እዚህ ነው።

በአንድ ሁኔታ ግን ፊልሙን ቦርሳ ውስጥ ይተዉት። የተለመደው የቀለም ፊልም የተሠራው ለቀን ብርሃን፣ ለ5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ሲያንስ ብርሃኑ ቢጫማ ይሆናል) አካባቢ ነው። በ3200 ኬልቪን አምፖል ሥር ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያንስ ሰማያዊውን የሚይዘው ንብርብር ይራባል፤ ጥላውን በኋላ ማረም አይቻልም። 80ኤ የተባለው ሰማያዊ ፊልተር ያስተካክለዋል፣ ነገር ግን 2 ስቶፕ ይወስዳል፤ 200 ያሉት ፊልም 50 ሆነ ማለት ነው። ትራይፖድ ከሌለና ሰው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዲጂታሉን ያውጡ።