«ምንም አልሆንኩም» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

በጥብቅና ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስኖር፣ በአደጋ ከተጎዱ ሰዎች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ቃል አለ። መኪና ገጭቷቸው፣ ከደረጃ ወድቀው ወይም ማሽን እጃቸውን ይዞት፣ ገና አቧራቸውን ሳያራግፉ «ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። ከጨዋነትም ነው፣ ከድንጋጤም ነው። ሰው ከብቦ ሲያያቸው ያፍራሉ፤ የገጫቸው አሽከርካሪ ሲንቀጠቀጥ ሲያዩ ደግሞ ያዝኑለታል። ይህ ቃል በፖሊስ መዝገብ ሰፍሮ፣ ዓመት አልፎት በችሎት ሲነበብ ባለቤቱ እንዴት አንገቱን እንደሚደፋ ግን እኔ አይቻለሁ።

በአደጋ ሰዓት የገዛ ሰውነታችን ያታልለናል። አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ሲሰራጭ ሕመሙን ይሸፍነዋል። ከኋላ በተገጨ መኪና ውስጥ የነበረ ሰው አንገቱን ማመም የሚጀምረው በማግስቱ ወይም ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ራስ ምታቱና ማዞሩ ዘግይቶ ሊመጣበት ይችላል፤ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ፣ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ደም ምልክቱን የሚያሳየው ከሳምንታት በኋላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ለፖሊሱም ለአሽከርካሪውም «የደረሰብኝን ገና አላወቅሁም፤ ሐኪም ይየኝ» በሉ። ይህ እውነት ነው፤ ማንንም አይበድልም። ከዚያም በዚያው ቀን ታከሙ። ሐኪሙ የጠየቃችሁን ብቻ ሳይሆን የሚያማችሁን ሁሉ ንገሩት። እግሩ የተሰበረ ሰው ስለ ወገቡ ሳያነሣ ይቀራል። ወራት አልፈው ወገቡ ሲጠናበት፣ የተቃራኒው ወገን ጠበቃ «ሕመሙ ከአደጋው የመጣ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን የሕክምና ካርድ ላይ ለምን አልተጻፈም?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ደንበኛዬ እውነቱን እየተናገረ መልስ ሲያጣ ማየት ግን ልብ ይሰብራል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እኔ በሥራዬ እንዳየሁት የተወጋም ይረሳል። ሕመሙን አይረሳም፤ መብራቱ ቀይ ይሁን አረንጓዴ፣ መንገዱ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ አሽከርካሪው ስልክ ይዞ ይሁን አይሁን ግን ይምታታበታል። ከሁሉ የሚከፋው፣ የረሳውን ክፍተት አእምሮው ራሱ ሞልቶለት የሞላውን እንዳየው አድርጎ ማመኑ ነው። ስለዚህ በዚያው ምሽት፣ እጃችሁ መጻፍ ባይችል እንኳ ለሰው እየነገራችሁ፣ የሆነውን ሁሉ አስጽፉ። አስፋልት ላይ የቀረው የጎማ ምልክት አንድ ዝናብ ይበቃዋል። በአካባቢው ሕንፃ ላይ ያለ የደኅንነት ካሜራ የቀረጸው ምስል በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሌላ ምስል ሊተካ ስለሚችል፣ ባለቤቱን ቶሎ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዐይን ምስክሮችን ስምና ስልክ ያዙ። ቁጥሩ ያልተያዘ ምስክር ከቦታው ከሄደ በኋላ አይገኝም።

ስለ ይርጋ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይርጋ ማለት ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ወሰን ነው፤ ካለፈ እውነታችሁ የቱንም ያህል ግልጽ ቢሆን ተከሳሹ ይርጋን አንስቶ በሩን ሊዘጋባችሁ ይችላል። ወሰኑ እንደየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ ለአካል ጉዳት ክስ በመሠረቱ 3 ዓመት ነው፤ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ይሰጣል፤ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ደግሞ 1 ዓመት ብቻ ነው። ለኢንሹራንስ ኩባንያ የማሳወቂያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ ያጥራል። ያላችሁበት ቦታ የሚሰጠውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቃችሁ ቀኑን ጻፉት። «እንነጋገራለን፣ እንጨርሳለን» የሚል የስልክ ንግግር በራሱ የይርጋውን ቆጠራ ያቆማል ብላችሁ አትመኑ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ጥብቅና በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ጉልበቱ የተጎዳ አንድ ወጣት መጣልኝ። ክፍያ በፍጥነት ቀረበለት፤ ለእሱ ብዙ ገንዘብ ነበር፣ ለእኔም ድል መሰለኝ። ሐኪሙ «ገና አልረጋም» ብሎት ነበር። እኔ ግን «ገንዘብ ሲመጣ መቀበል ነው» አልኩት። «ሙሉ በሙሉና ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍሎኛል፤ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» በሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። ከስድስት ወር በኋላ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው፤ ያንን የሚከፍልለት አልነበረም። ቢሮዬ መጥቶ አልተቆጣኝም። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ነው?» ብቻ አለኝ። ዛሬም ድረስ ለደንበኛ «ፈርም» ከማለቴ በፊት ያ ክራንች ይታየኛል። ሐኪም የጉዳታችሁን መጨረሻ ሳይነግራችሁ፣ ማለትም ድናችኋል ወይም ከዚህ በላይ አትሻሻሉም ሳይል፣ የመጨረሻ በሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ችግር ካስገደዳችሁ ቅድመ ክፍያ እንዲሰጣችሁ፣ ወረቀቱም ቅድመ ክፍያ መሆኑን በግልጽ እንዲናገር ጠይቁ።

ካሳ ማለት በገንዘብ አቅም ሰውን ከአደጋው በፊት ወደነበረበት ለመመለስ መሞከር ነው። እንደ ሎተሪ የሚያዩት ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ እንደ ልመና ቆጥረውት የሚያፍሩት ግን ይበልጥ ያሳዝኑኛል። የመድኃኒትና የትራንስፖርት ደረሰኝ፣ የቀረባችሁ ደመወዝ፣ እናታችሁ እናንተን ለማስታመም ሥራዋን የተወችባቸው ቀናት፣ ወደፊት የሚያስፈልጋችሁ ሕክምና፣ ሁሉም ይቆጠራል። የማይቆጠር መስሏችሁ ደረሰኝ አትጣሉ።

ብዙዎች የሚጠፉበት ሌላው ቦታ ደግሞ ማጋነን ነው። ትከሻው በእርግጥ የተጎዳ አንድ ሰው አውቃለሁ። እጁን እስከ ደረቱ ድረስ ብቻ ነበር ያለ ሕመም ማንሣት የሚችለው፤ ይህ ብቻውን ለካሳ በቂ ነበር። ችሎት ቀርቦ ግን «ፈጽሞ አላነሣውም» አለ። ተከሳሾቹ በአንድ ሠርግ ላይ ሕፃን ታቅፎ የተነሣውን ፎቶግራፍ አቀረቡ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የተናገረውን እውነት ሁሉ የሚያምነው አልተገኘም።

የቀድሞ ጉዳታችሁንም አትደብቁ። እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ የ14 ዓመት ጓደኛውን እግር በቀስታ መታው። የተመታው ልጅ ወዲያው እንኳ አልተሰማውም። እግሩ ግን ቀደም ሲል ተጎድቶ ስለነበር ሕመሙ ተነሥቶ እግሩ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1891፣ አጥፊው ጉዳቱ ይህን ያህል ይከፋል ብሎ ባይገምትም በቀጥታ ለተከተለው ጉዳት ተጠያቂ ነው አለ። ይህ ሐሳብ ዛሬ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ይገኛል፤ ደካማ ሰውን የመታ «ጠንካራ መስሎኝ ነበር» ብሎ አያመልጥም። ይህ የሚጠቅማችሁ ግን የቀድሞው ሕመም በእናንተው አንደበት ሲነገር ነው። ሌላው ወገን ቆፍሮ ካወጣው፣ ሊከላከልላችሁ የሚገባው ነገር እንደ ውሸት ይቆጠርባችኋል።

በአደጋው ውስጥ የራሳችሁ ድርሻ ካለም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1809 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ፈረሰኛ በፍጥነት ሲጋልብ መንገድ ላይ ከተጋደመ እንጨት ጋር ተጋጭቶ ከሰሰ፤ እሱም ጥንቃቄ አልነበረውምና ምንም አላገኘም። እንግሊዝ ይህን ደንብ ለውጣ ካሳው እንደየጥፋቱ እንዲከፋፈል የደነገገችው በ1945 ነው። ጥቂት የአሜሪካ ግዛቶች አሁንም የድሮውን መንገድ ይከተላሉ፤ በአብዛኛው ዓለም ግን ከፊል ጥፋት ካሳውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። «እኔም ሳላይ ተሻግሬ ነበር» ብላችሁ ለጠበቃችሁ በጊዜ ንገሩት። በአደጋው ቦታ ላይ ግን በድንጋጤ ተነሥታችሁ ጥፋቱን በሙሉ በራሳችሁ ላይ አትደምድሙ፤ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ።

ጠበቃ ስትይዙ ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ፣ ብትሸነፉ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ገንዘብ ከሚገምትላችሁ ይልቅ ብዙ የሚጠይቃችሁን ምረጡ።

በመጨረሻ ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ልንገራችሁ። ቀኝ እጇ ተጎድቶ ወደ እኔ ስትመጣ፣ የዕለት ውሎዋን በደብተር እንድትጽፍ ነገርኳት፤ ጥሩውንም ቀን እንዳትዘል አደራ አልኳት። ሕመሟን ብቻ ሳይሆን የቻለችውንም ትጽፍ ነበር። በችሎት የተከሳሽ ጠበቃ ደብተሩን ገልጦ፣ አንዱን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ዛሬ ደህና ዋልኩ። ምንም አላመመኝም። አንድ ቀሚስ ጨረስኩ።» ቀና ብሎም ዳኛዋን አየ። ዳኛዋ «ቀጣዩን ገጽም ያንብቡልን» አሉት። ለአፍታ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፦ «ሌሊቱን አልተኛሁም። ትናንት እጄን አምኜው ነበር። ዛሬ መቀሱን ልይዝ ብሞክር ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፤ ቁርሴንም ልጄ አጎረሰችኝ።»

ደብተሩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ።